ከዳር ወደ መሀል፦ የአዲስ አበባ የከተማ አውቶቡስ

ከአያት፣ ከጀሞ፣ ከቱሉ ዲምቱና ከኮዬ ፈጬ የሚነሱ የከተማ አውቶቡሶች ጠዋት ጠዋት ሕዝቡን ወደ መገናኛ፣ ሜክሲኮ፣ ለገሃር፣ መርካቶና ፒያሳ ያመጣሉ፤ ማታ ደግሞ ይመልሱታል። ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። የሚያከብደው ሁሉም ሰው በአንድ ሰዓት ወደ አንድ አቅጣጫ መሄድ መፈለጉ ነው።

ከተማዋ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረችም። የአንበሳ አውቶቡስ ጣልያን ከአገር ከወጣ በኋላ፣ ጥሏቸው በሄዳቸው ጥቂት ተሽከርካሪዎች ሥራ ሲጀምር አብዛኛው ነዋሪ በአራዳና በመርካቶ ዙሪያ የሚኖር፣ ገበያውም ቢሮውም በእግር የሚደርስበት ነበር። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ድርጅቱ የመንግሥት ሆነ፤ ቀይና ቢጫ የተቀቡት አውቶቡሶቹም ለረጅም ዘመን የከተማዋ መለያ ሆነው ኖሩ። ትልቁ ለውጥ የመጣው ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ የኮንዶሚኒየም ቤቶች በገፍ መሠራት ሲጀምሩ ነው። መሬት የተገኘው በአብዛኛው በከተማዋ ጠርዝ ላይ በመሆኑ ቤት የደረሰው ብዙ ሰው ከመሀል ወጣ። መሥሪያ ቤቱ፣ ገበያውና ትልልቁ ሆስፒታል ግን እዚያው መሀል ቀሩ። በቀበሌ ቤት ሲኖር ወደ ሥራው በእግሩ ይሄድ የነበረ ሰው ኮዬ ፈጬ ሲገባ በየቀኑ ደርሶ መልስ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል።

የጠዋቱ ግፊያ ከ12 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ይበረታል። በእነዚህ ሁለት ሰዓታት ወደ መሀል የሚመጣው አውቶቡስ እስከ በሩ ጢም ብሎ ይሞላል፤ ሰው አራግፎ ሲመለስ ግን ወንበሩ እንኳ በወጉ አይያዝም። ስለዚህ የጉዞው ግማሽ እምብዛም ገቢ የሌለው ነው። ነዳጁ፣ ጎማውና የሾፌሩ ሰዓት ግን በሁለቱም አቅጣጫ እኩል ይወጣል። ረፋድ ላይ ደግሞ ለጠዋቱ ግፊያ ሲባል የተገዛው አውቶቡስ ብዙ ሰው አያገኝም። ለሕዝብ ትራንስፖርት ድጎማ የሚያስፈልግበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይህ ነው እንጂ፣ ብዙ ጊዜ እንደሚባለው የአሠራር ድክመት ብቻ አይደለም።

ተሳፋሪው ስለ መንገድ መዘጋጋት አብዝቶ ያማርር እንጂ ብዙ ሰዓት የሚበላበት ፌርማታውም ነው። መጀመሪያ ሰልፉ አለ። መገናኛ ላይ አንድ ሰው እንደ ደረሰ የሚጠይቀው «መጨረሻው የት ነው?» ብሎ ነው፤ አውቶቡስ ሲታይ ደግሞ ሰልፉ ወደ ፊት ይጠጋጋል፣ ዘንቢል የያዙ እናቶች «ተራችንን እንዳትነኩ» ይላሉ። ቀጥሎ መሳፈሩ ይመጣል። በአንድ በር ገብቶ ትኬት ቆራጩ ፊት ቆሞ መክፈል፣ መልስ መጠበቅና ማለፍ ለአንድ ሰው 5 ሰከንድ ቢፈጅ፣ 60 ሰው ለማሳፈር 5 ደቂቃ ይሄዳል። ዝርዝር ብር ያልያዘ ሲመጣ ሰከንዱ ይረዝማል። በስልክ መክፈል የሚጠቅመው ከሁሉ በላይ እዚህ ላይ ነው፤ ሁለተኛ በር ቢከፈት ግን ጥቅሙ ከዚያም ሊበልጥ ይችላል።

አንድ ሰዓት ሙሉ ጠፍተው የቆዩ አውቶቡሶች ድንገት ሦስት ሆነው ተከታትለው ሲመጡ ሰው ሾፌሮቹ ቡና ሲጠጡ የቆዩ ይመስለዋል። ምክንያቱ ሌላ ነው። በየ10 ደቂቃው እንዲነሱ ከተደረጉት አንዱ በመብራት ወይም በብልሽት ትንሽ ከዘገየ በሚቀጥለው ፌርማታ የሚጠብቀው ሰው ይበዛል፤ ሰው ሲበዛ ማሳፈሩ ይረዝማል፤ ስለዚህ ይበልጥ ይዘገያል። ከኋላው ያለው ግን የሚጠብቀውን ሰው የፊተኛው ስላነሣለት ፌርማታ ላይ ብዙ አይቆምም፣ እየፈጠነ ይደርስበታል። በመጨረሻ የፊተኛው ታጭቆ፣ የኋለኛው ግማሹ ባዶ ሆኖ አንድ ላይ ይገባሉ። መፍትሔው መነሻው ላይ ያለው ተቆጣጣሪ አንዱን አቆይቶ ሌላውን ማስቀደሙ ነው፤ ይህን በመስመሩ መሀል ለማድረግ ግን እያንዳንዱ አውቶቡስ የት እንዳለ ማየት ያስፈልጋል።

ውስጥ ከገቡ በኋላ ያለው ሕግ ያልተጻፈ ነው። 30 ገደማ የሚሆነው ወንበር መነሻው ላይ ያልቃል፤ ከመሀል የሚሳፈር ብረቱን ይዞ ይቆማል። «ወደ ውስጥ ጠጋ በሉ» የሚለው የትኬት ቆራጩ ድምፅ አያቋርጥም። ለአዛውንት፣ ለነፍሰ ጡርና ልጅ ላዘለች እናት ወጣት ይነሣል፤ ሳይነሣ የቀረ እንደሆነ ከጎኑ የቆመ ሰው ያስነሣዋል። ቦርሳ ከጀርባ ወደ ደረት ይዞራል፤ ኪስ አውላቂ የሚወደው ግፊያን ነውና።

መንገዱም የራሱ ፈተና አለው። ከቃሊቲ ወደ ፒያሳ የሚሄድ አውቶቡስ ከ200 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል፤ ቆመው የሚሄዱ ሰዎች ሞልተውት ቸርችል ጎዳናን ሲወጣ ሞተሩ ሲያቃስት ይሰማል። አስፋልቱን የሚጋሩት ሚኒባሶችም ሰው ባዩበት ይቆማሉ። ሚኒባስ 12 ሰው ገደማ ሲይዝ ትልቁ አውቶቡስ ከ60 በላይ ስለሚይዝ፣ በመንገዱ ላይ ከሚይዘው ቦታ አንጻር አውቶቡሱ ብዙ እጅ ይሻላል። ሆኖም ሚኒባሱ ቶሎ ይነሣል፤ ሰው ታሪፍ ጨምሮም ቢሆን የሚመርጠው ለዚህ ነው። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ከቃሊቲ ምኒልክ አደባባይ ባሉት ሁለት መስመሮቹ ከመኪና መጨናነቅ ነፃ ቢሆንም፣ ሐዲዱ የማይደርስባቸው ሠፈሮች ብዙ ናቸው። በ2000ዎቹ ማብቂያ ላይ የመጣው ሸገር አውቶቡስና የመንግሥት ሠራተኛውን የሚያመላልሰው ፐብሊክ ሰርቪስ የአንበሳን ሸክም በከፊል ተካፍለዋል።

የማታው ጉዞ ከጠዋቱ ይለያል። ጠዋት ሰው ከብዙ ሠፈር ተበታትኖ ይነሣል፤ ከ11 ሰዓት በኋላ ግን ሁሉም በጥቂት መነሻዎች ይከማቻል። ዝናብ የመጣ እንደሆነ ሰልፈኛው በየበረንዳው ስለሚጠለል ተራ መያዝ ይቸግራል። ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ አውቶቡሱ እየሳሳ ስለሚሄድ አምሽቶ የሚወጣ አስተናጋጅ ወይም ጥበቃ ቀሪ ምርጫው ሚኒባስ ነው። አውቶቡሱ ሠፈር ቢያደርስም ኮንዶሚኒየሙ ሰፊ ነውና ከመጨረሻው ፌርማታ እስከ ብሎኩ ያለውን መንገድ ሰው በባጃጅ ወይም በእግሩ ይጨርሰዋል። ይህ የመጨረሻ ቁራጭ መንገድ በታሪፉ ውስጥ አይቆጠርም፤ በቤት ወጪ ላይ ግን በየቀኑ ይደመራል።