ወተቱ እንዳይደርቅ

የ14 ሳምንት ክትባት ቀን ነበር። ልጁን ከሚዛኑ አንስቼ ነጥቡን ካርዱ ላይ ሳሰፍር መስመሩን ይዞ ሽቅብ ወጥቷል። «ጎበዝ ነው፣ ደህና ይጠባል» ብዬ ካርዱን ለእናቱ ስዘረጋላት እጇ ይንቀጠቀጣል። ጠዋት ታክሲ ውስጥ አዙሯት ሰው ደግፎ እንዳወረዳት የነገሩኝ አብረዋት የመጡት አማቷ ናቸው። ከትናንት ምሳ ወዲህ ከቡና በቀር የቀመሰችው የለም። የወሊድ ፈቃዷ አልቆ የዓመት ፈቃዷን ጨርሳለች፤ ሰኞ ሥራ ትገባለች፤ የቢሮ ቀሚሷ አልዘጋ ብሏታል። ስለዚህ ከወር በፊት በቀን አንዴ ብቻ መብላት ጀመረች።

«ሲስተር፣ እባክሽ ምከሪልኝ። ወተቱ እንዳይደርቅ ብላ እንኳ አትበላም» አሉ ፔርሙዛቸውን ጠረጴዛዬ ላይ እያስቀመጡ። አጥሚት ነው። ምራታቸው ቀና ሳትል «ልጁ ጨምሯል አሉዎት እኮ፤ ወተቱ የት ደረቀ?» አለች።

እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ የእነሱ ክርክር አይደለም። በ10 ሳምንቱም ልጁን የመዘንኩት እኔው ነኝ። ያኔ ምግብ መቀነስ ጀምራ ነበር። ካርዱን አየሁ፣ ደስ አለኝ፣ «በርቺ» ብዬ ሸኘኋት። ስለ ራሷ አንድ ጥያቄ አልጠየቅኳትም።

አማትና ምራት የተጣሉ ቢመስሉም የሚያምኑት አንድ ነገር ነው፤ ወተት በቀጥታ ከእናት ሳህን ይቀዳል የሚለውን። አማት «ካልበላሽ ይደርቃል» ይላሉ፤ ምራት «ካልደረቀማ ምንም አልሆንኩም» ትላለች። ይህን እምነት በየቀኑ በሩን ከፍቶ ሲገባ አገኘዋለሁ። አንዳንዴ ቅቤ ይዞ ይመጣል፣ አንዳንዴ የጣሳ ወተት ይዞ፣ አንዳንዴ ደግሞ በባዶ ሆድ። እንደ ሰለቸኝ አልደብቅም፤ ምክንያቱም ሁሌም የሚጎዳት እናቲቱን ነው።

የወተቱን መጠን የሚወስነው ከጡት የሚወጣው ወተት ነው። ሕፃኑ ሲጠባ ፕሮላክቲን የሚባለው ሆርሞን ይነሳል፤ የወጣው ይተካል። ጡቱ ሞልቶ ከዋለ ደግሞ ማምረቱን በራሱ ያቀዘቅዛል። ምዕራብ አፍሪካ፣ ጋምቢያ ውስጥ ኬኔባ የምትባል መንደር አለች። እዚያ ምግባቸው ጎዶሎ ለሆነ የሚያጠቡ እናቶች በየቀኑ ተጨማሪ ምግብ እየተሰጠ ወተታቸው ተለካ፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1983 ታተመ። ወተቱ አልጨመረም። ሥራዬን ከጀመርኩ ወዲህ ይህን ያህል የጠቀመኝ ጥናት የለም፤ ግን ሰዎች ግማሹን ብቻ ሰምተው ይሄዳሉ። «እንግዲያው መብላት አያስፈልግም ማለት ነው?» ይሉኛል። ወተቱ ካልቀነሰ፣ የጎደለውን የከፈለው ማን ነው?

ጡት ብቻ የሚጠባ ሕፃን በቀን ወደ 750 ሚሊ ሊትር ገደማ ይጠባል። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ባለሙያዎች እንዳሰሉት ይህን ለማምረት በቀን ወደ 675 ካሎሪ ይሄዳል። ደህና በልታ የወለደች እናት ከዚህ ውስጥ 170ውን ያህል በእርግዝና ካጠራቀመችው ስብ ታወጣለች፤ የቀረውን 505 ካሎሪ ከወትሮዋ በላይ መብላት አለባት። ካልበላችው ሰውነቷ ለልጁ ያደላል። ወተቱን ያወጣል፤ ሒሳቡን ከእሷ ጡንቻ፣ ከእሷ ጉልበት፣ ከእሷ እንቅልፍና ትዕግሥት ይቆርጣል። ልጁ መስመሩን ይዞ ያድጋል፣ እናቱ ታክሲ ውስጥ ትወድቃለች። የልጁ ካርድ ይህን አያሳይም። ለእሷ የተሰመረ መስመር የለውምና።

አንድ ነገር ግን ማስተካከል አለብኝ፤ በዚህ ባልደረቦቼም ይሳሳታሉ። ከእናት ምግብ ጋር ብዙም የማይዋዥቀው የወተቱ መጠንና ጉልበት ነው። ቫይታሚን ኤ፣ አዮዲንና ቢ12 ግን ከእሷ ካነሱ ከወተቱም ያንሳሉ። ስለዚህ ምግብ የምትቀንስ እናት እንቁላሏንና አዮዲን ያለበትን ጨው መቀነስ የለባትም። ጾሙንም የማነሳው ለዚህ ነው። ክርስትና ከተነሳ በኋላ «ጾሙ ያቀጥነኛል» ብላ የምትጀምር ብዙ ናት። ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከእንቁላልና ከወተት ነው፤ በጾም ገበታ ላይ የለም። ዘይቱ ግን አለ፤ ሽሮው፣ ፍርፍሩ፣ ሳምቡሳው በዘይት ነው። ኪሎዋ ላይቀንስ ይችላል፣ ልጇ ግን ቢ12 ሊያጥረው ይችላል። የንስሐ አባቷን እንድትጠይቅ እነግራታለሁ። ጠይቀው የተመለሱት አብዛኞቹ «አጥቢ፣ ብዪ» ተብለው ነው የመጡት።

ሁለተኛው ስህተት ከዚሁ ከሳህኑ እምነት ይወለዳል። ኪሎ ለመቀነስ የምትሞክር እናት ጡቷን በጥርጣሬ ትጠብቃለች። ከወለደች ሁለት ወር ሲሞላት ጡቷ እንደ መጀመሪያው አይወጥርም፣ ይለሰልሳል። ይህ ወተቱ ከልጁ ፍላጎት ጋር መስማማቱን ያሳያል፤ እሷ ግን «ደረቀ» ትላለች። ብርጭቆ ውስጥ አልባው ስታየው ቀጥኗል፤ መጀመሪያ የሚወጣው ሁሌም ቀጭን ነው፣ ቅባቱ ጡቱ ባዶ እየሆነ ሲሄድ ይበዛል። በሦስተኛው ወር ልጁ ኪሎ የሚጨምርበት ፍጥነትም በተፈጥሮው ይቀንሳል። ሦስቱን አንድ ላይ ታያቸውና «ምግብ መቀነሴ ነው ጉዱን ያመጣው» ብላ ጣሳ ትገዛለች። ጡጦ በገባ ቁጥር ልጁ ትንሽ ይጠባል፤ ትንሽ ስለጠባ ትንሽ ይመረታል። በሁለተኛው ሳምንት ወተቱ እውነትም ቀንሷል። «አላልኩሽም?» የሚል ሰው በየቤቱ አይጠፋም።

ሥራ መመለስም እንደዚሁ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከወሊድ በኋላ ያለው ፈቃድ 90 ቀን ነው። እናቲቱ ቀሚሷ እንዲገባላት ምግብ የምትቀንሰውም፣ ከልጇ በቀን ዘጠኝና አሥር ሰዓት መለየት የምትጀምረውም በዚያው ሰሞን ነው። ወተቱ የሚቀንሰው ቢሮ ሳታልብ ስለምትውል ነው፤ ጥፋቱ ግን ዞሮ ዞሮ በምግቡ ላይ ይወድቃል። ማታ አማት አጥሚቱን እጥፍ ያደርጉታል። የሚጠቅማት በየሦስት ሰዓቱ በሩን ዘግታ የምታልብበት አንድ ክፍልና ፍሪጅ ነበር።

ኪሎ መቀነስ አይቻልም ወይ? ይቻላል። «ስታጠቢ ኪሎ አትቀንሺ» የሚለው የልጅነቴ ጊዜ ምክር መቅረት አለበት። አሜሪካ ውስጥ ሰሜን ካሮላይና ላይ ከወለዱ አንድ ወር የሆናቸውና ከልክ በላይ የወፈሩ እናቶች በቀን 500 ካሎሪ ያህል ቀንሰው፣ በሳምንት አራት ቀን እንቅስቃሴ እየሠሩ ተመራማሪዎች ለ10 ሳምንት ተከታተሏቸው። በሳምንት ግማሽ ኪሎ ያህል ቀነሱ፣ የልጆቻቸው እድገት ከሌሎቹ አልተለየም። ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። እኔም የምመክረው ይህንኑ ግማሽ ኪሎ ነው፤ መጀመሪያ ግን ወተቱ ይስተካከል፣ ሰውነቷም ይጠገን። ሁለት ወር ገደማ ትጠብቅ። በቀን ከ1,800 ካሎሪ በታች አትውረድ። በእርግዝና የመጣ ኪሎ በሦስት ወር ካልሄደ ብሎ ሰውነትን ማስጨነቅ ምን ይሉታል? ማጥባት ብቻውን ሁሉንም ያቀልጠዋል የሚለውም ወሬ ብዙዎችን አሳዝኗል፤ ረሃቡም አብሮ ይጨምራልና አንዳንዷ ምንም ሳትቀንስ ትከርማለች፤ ጥፋት ያጠፋች ይመስላታል።

500 ካሎሪ የሚቀነሰው ምሳን በመዝለል አይደለም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ነው፣ የተነጠረ ቅቤም ከዚያ አይርቅም። ወጡ ውስጥ በጭልፋ የሚገባውን እናቶች በማንኪያ ሲለኩት ይደነግጣሉ። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 16 ካሎሪ ነው፤ ሦስት ሦስት እየጨመሩ አምስት ኩባያ አጥሚትና ሻይ የምትጠጣ እናት ከስኳሩ ብቻ 240 ታገኛለች። ለስላሳ መጠጡን አልቆጠርኩም። ምስሩ፣ እንቁላሉ፣ ጎመኑ፣ እንጀራው ባለበት ይቆይ። ሦስቴ ትብላ። ማቅጠኛ ተብሎ የሚሸጠውን ሻይ ደግሞ ከእጇ እቀበላታለሁ፤ ብዙዎቹ ሆድ የሚያስኬድ ሰናሜኪ አለባቸው። የሚያስወጣት ውሃ ነው፣ እሷ ደግሞ ውሃዋን በወተት እየሰጠች ነው።

ከገንፎው ጋር ጠብ የለኝም። አራስ ቤት የገባ ቅቤ ሴትን ከአልጋ አንስቷል፤ ደም የፈሰሳት፣ ምጥ ያደከማት ሰው ሙቅ ነገር፣ ጨው፣ ቅባት፣ አጠገቧ የሚቀመጥ ሰው ያስፈልጋታል። የሚያስቸግረኝ በአራተኛው ወርም «ለወተቱ» ተብሎ ሲቀጥል ነው። ለእሷ ተብሎ ቢሠራ መጠኑን እሷ ትወስናለች፤ በቃኝ ማለት ትችላለች። «ለወተቱ» ከተባለ ግን እምቢ ማለት ልጅን መከልከል ይሆንባታል፤ አንዷ እያለቀሰች ትጠጣዋለች፣ ሌላዋ ተደብቃ ትደፋውና በዚያው ምሳዋንም ትተዋለች።

አሁን ልጁን ከመመዘኔ በፊት እናቲቱን «ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ ምን በላሽ?» እላታለሁ። አብዛኞቹ «ኧረ ልጁ ደህና ይጠባል» ብለው ይመልሱልኛል። እንደገና እጠይቃለሁ።