የሳንባ ካንሰርና የሳንባ ነቀርሳ አንድ በሽታ አይደሉም

በቋንቋችን «ነቀርሳ» የሚለው ቃል ለሁለት ልዩ ልዩ በሽታዎች ሲነገር ይሰማል። ሕዝቡ «የሳንባ ነቀርሳ» በሚልበት ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ቲቢን ማለቱ ነው፤ ይኸውም በተሐዋስያን የሚመጣና ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ደዌ ነው። ነገር ግን ካንሰርም ነቀርሳ ተብሎ ይጠራል። ጉዳዩ የሰዋስው ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ ገጽ ባላነሣነው ነበር። ዳሩ ግን በሁለቱም በሽታዎች ሕመምተኛው ያስላል፣ ይከሳል፣ ደም የተቀላቀለበት አክታ ይተፋል። ስለዚህ ቲቢ በበዛበት አገር የሳንባ ካንሰር የያዘው ሰው የቲቢ መድኃኒት ሲወስድ ብዙ ወራት ሊያልፉበት ይችላሉ። በእነዚያ ወራት በቀዶ ሕክምና ሊወጣ ይችል የነበረው እባጭ ወደ ሌላው የሰውነት ክፍል ይሰራጫል።

ካንሰር የሰውነት ሕዋሳት ሥርዓታቸውን አፍርሰው ያለ ልክ ሲባዙ የሚመጣ ስለሆነ በትንፋሽም ሆነ በዕቃ አይተላለፍም። የሕመምተኛውን መጠጫ የሚለዩ ቤተ ሰቦች ይህን ሊያውቁት ይገባል።

ሐኪሞች የሳንባን ካንሰር በማይክሮስኮፕ ተመልክተው በሁለት ይከፍሉታል። አንደኛው ሕዋሳቱ ትንንሽ የሆኑት ሲሆን ከመቶው 15 ያህል ነው፤ ወደ ጉበት፣ ወደ አጥንትና ወደ አንጎል ፈጥኖ ይዛመታል፤ አጭሶ በማያውቅ ሰው ላይም እምብዛም አይታይም። የቀረው 85 ከመቶ ያህሉ ዝግ ብሎ የሚያድግ ነው። ከዚህኛው ወገን ንፍጥ ከሚያመነጩ ሕዋሳት የሚነሣው ዓይነት ሲጃራ በአፋቸው ባልዞረ ሰዎችም ላይ ይገኛል።

ምልክቱ በመጀመሪያ ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ሰውም «ብርድ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየ ሳል፣ ደም ያለበት አክታ፣ የደረት ውጋት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ የድምፅ መጎርነን፣ አንዳንድ ጊዜም የፊትና የአንገት ማበጥ ሲታይ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

በሐኪም ቤት አክታው ለቲቢ ይመረመራል፤ ደረቱም ራጅ ይነሣል። ራጅ ግን ጥላውን ያሳያል እንጂ የጥላውን ስም አይናገርም። እርግጡ የሚታወቀው በሲቲ ስካን ስፍራው ተለይቶ፣ በመተንፈሻው ቧንቧ በሚገባ መመልከቻ ወይም በመርፌ ከእባጩ ጥቂት ሥጋ ተወስዶ ሲመረመር ነው። የቲቢ መድኃኒት የጀመረ ሰው ሁለት ወር ወስዶ ካልተሻለው ምርመራው እንደገና እንዲታይለት ሐኪሙን ቢጠይቅ ድፍረት አይሆንበትም።

ሕክምናው እንደ ዓይነቱና እንደ ደረጃው ይለያያል። ያልተሰራጨው በቀዶ ሕክምና ይወጣል፤ ትንንሽ ሕዋስ ያለው ግን አብዛኛውን ጊዜ በመድኃኒትና በጨረር ይታከማል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ የእባጩን የተለየ ጠባይ የሚያጠቁና የሰውነትን የመከላከል ኃይል የሚያነቃቁ መድኃኒቶች ተገኝተዋል።

እ.ኤ.አ. በ1933 በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ ከተማ ዶክተር ኤቫርትስ ግሬሃም ካንሰር የያዘውን የአንድ ሐኪም ሳንባ ሙሉውን አወጣ፤ ሕመምተኛውም ከዚያ በኋላ 30 ዓመት ያህል ኖረ። ግሬሃም ራሱ ብዙ ዘመን ሲጃራ አጫሽ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1950 ከተማሪው ከዊንደር ጋር ትንባሆና የሳንባ ካንሰር መያያዛቸውን የሚያሳይ ጥናት አወጣ፤ በዚያው ዓመት በእንግሊዝ አገር ዶልና ሂል ተመሳሳይ ነገር አገኙ። ግሬሃም እ.ኤ.አ. በ1957 በሳንባ ካንሰር ሞተ።

ትንባሆን የተወ ሰው ከ10 ዓመት በኋላ በዚህ በሽታ የመሞት አደጋው ማጨሱን ከቀጠለው ሰው በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ብዙ ዘመን ላጨሱ ሰዎችም ምልክት ሳይታይባቸው በአነስተኛ ጨረር ሲቲ ስካን መመርመር እንደሚጠቅም እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ የወጣ ጥናት አሳይቷል፤ በራጅ ከተመረመሩት ይልቅ በሳንባ ካንሰር የሞቱት ከመቶ 20 ያህል አንሰው ተገኝተዋል።