ናይሮቢን ዘሎ ማራ

ለሳፋሪ ኬንያ ልሄድ ነው ያለ ሰው ገና ሻንጣውን ሳይዘጋ ምክር ይጎርፍለታል። «ናይሮቢ አንድ ሌሊት እደርና በጠዋት ውጣ።» «ከተማ እዚሁ ሞልቶልህ! ገንዘብህን አንበሳው ላይ አውጣ።» እኔም በመጀመሪያው ጉዞዬ ይህንኑ ሰማሁ። አስጎብኚው ድርጅትም ሆቴላችንን ኤርፖርቱ ጥግ ስላደረገው ናይሮቢን በመኪና መስኮት አይቻት አለፍኩ። የአራዊት መጠበቂያው ማሳይ ማራ ላይ አንበሳ አየሁ፤ ጥሩ ነበር። ስመለስ እናቴ «ለመሆኑ አገሩ እንዴት ነው?» ብትለኝ ግን የምነግራት አጣሁ። በሁለተኛው ጉዞ ሦስት ቀን ለማራ ሰጥቼ የቀረውን ለከተሞቹ መደብኩ።

ስሕተቱ ከቃሉ ይጀምራል። ለእኛ ሳፋሪ ማለት ጣሪያው የሚነሣ ላንድክሩዘር፣ ካኪ ሱሪና አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ነው። ለስዋሂሊ ተናጋሪ ግን ሳፋሪ ጉዞ ነው፤ በቃ። ምንጩ የዐረብኛው «ሰፈር» ነው። ድምፁ ከእኛው ሰፈር ጋር ይገጥማል፤ የእነሱ መሄድ፣ የእኛ መስፈር መሆኑ ግን ሁልጊዜ ያስቀኛል። ናኩሩ ያሉ አያቷን ልትጠይቅ አውቶቡስ የተሳፈረች ልጅ ሳፋሪ ላይ ናት። «ሳፋሪ ንጄማ» ሲሏትም መልካም መንገድ ማለታቸው እንጂ ዝሆን ይግጠምሽ ማለታቸው አይደለም።

«አውሬው ሌላ፣ ከተማው ሌላ»

የናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ በ1946 የተከለለ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ያዙልኝ)፣ የኬንያ የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ነው። ስፋቱ 117 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሆን ከመሀል ከተማው ቢርቅ 7 ኪሎ ሜትር ነው። አንበሳ፣ ጎሽና አውራሪስ አለበት፤ ቀጭኔ አንገቷን ስታቀና ከኋላዋ ፎቆች ይደረደራሉ። ሦስት ጎኑ ታጥሯል። ደቡቡ ግን እንስሳቱ ወደ ኪቴንጌላ ሜዳ ወጥተው እንዲገቡ ክፍት ነው፤ አልፎ አልፎ አንበሳ መንደር ገባ የሚል ወሬ የሚሰማውም ለዚህ ነው። ዝሆን ግን አትፈልጉበት፤ የለም።

ናኩሩም እንዲሁ ናት፤ ፓርኩ የከተማዋ ጎረቤት ነው። ፓርኩ ውስጥ ያለው የናኩሩ ሐይቅ በፍላሚንጎ ሮዝ ሆኖ ይጠብቃችኋል የሚለው ግን የድሮ ፖስትካርድ ወሬ ነው። ሐይቁ ሞልቶ ጨዋማነቱ ሲቀንስ ወፎቹ የሚመገቡት አልጌ ሳሳ፤ ብዙዎቹም ወደ ቦጎሪያና ወደ ሌሎች ሐይቆች በረሩ። ፎቶው ከብሮሹሩ ላይ አልበረረም።

«ናይሮቢ የሚታይ የላትም»

ናይሮቢ ከተማ ትሆናለች ተብላ የተቆረቆረች አይደለችም። በ1899 ከሞምባሳ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ሲዘረጋ የነበረው የባቡር ሐዲድ ዳገቱን ከመጀመሩ በፊት እቃ የሚራገፍባት፣ ሠራተኛ የሚሰፍርባት ረግረጋማ ሜዳ ነበረች። ስሟም በማሳይ ቋንቋ ቀዝቃዛ ውሃ ማለት ነው። ስለዚህ እኔ መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ባቡር ሙዚየሙ ነው።

ከዛጉት ባቡሮች መካከል አንድ የእንጨት ፉርጎ ቆሟል። በ1900 ቻርልስ ራያል የተባለ እንግሊዛዊ የፖሊስ ኃላፊ፣ ኪማ በምትባል ጣቢያ ሰው መብላት የለመደ አንበሳ ሊገድል እዚህ ፉርጎ ውስጥ ሆኖ አደፈጠ። እንቅልፍ ጣለው። አንበሳው በበር ገባ፤ ውስጥ ከነበሩት ሦስት ሰዎች ራያልን ይዞ በመስኮት ወጣ። እኔም መስኮቱ ፊት ቆሜ ወርዱን በክንዴ ለካሁት፤ አንድ ሰውና አንድ አንበሳ በአንድ ጊዜ እንዴት እንዳለፉበት ዛሬም አልገባኝም። ማራ ላይ መኪና ውስጥ ተቀምጬ ያየሁት አንበሳ እንደዚህ መስኮት አላስፈራኝም።

ብሔራዊ ሙዚየሙ ውስጥ ደግሞ «የቱርካና ልጅ» አለ፤ ዕድሜው 1.5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነ የአንድ ብላቴና አጽም። በ1984 ከቱርካና ሐይቅ በስተ ምዕራብ የመጀመሪያዋን ስባሪ ያገኘው ኬንያዊው ካሞያ ኪሜዩ ነው። የዚያን ሐይቅ አብዛኛውን ውሃ የሚያመጣው የእኛው ኦሞ ስለሆነ፣ ድንቅነሽን አይቶ ለሄደ ሰው የዘመድ ቤት እንደ መግባት ነው።

ስልክ ይነጥቁሃል የሚሉት ግን ተረት አይደለም። ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ ክፍት መስኮት ጥግ ተቀምጦ ስልክ መነካካት፣ መርካቶ ውስጥ የገንዘብ ቦርሳን በኋላ ኪስ ይዞ እንደ መዞር ነው። መርካቶ ገብቶ የወጣ ናይሮቢንም ይችላታል።

«እውነተኛው ማሳይ ያለው የባህል መንደሩ ውስጥ ነው»

መግቢያ ትከፍላላችሁ፤ ወጣቶቹ ይዘሉላችኋል፤ ዶቃ ትገዛላችሁ። ሥራቸው ነውና ክብር ይገባዋል፤ ሆኖም ለእንግዳ የተሰናዳ ነው። ኦሞ ሸለቆ ሄዶ ለእያንዳንዱ ፎቶ ሲከፍል የዋለ ሰው ጣዕሙን ያውቀዋል። እዚያው ኦሞ፣ ሐሙስ ቀን የቀይ አፈር ከተማ ገበያ ላይ የቆመ ደግሞ ልዩነቱን ያውቃል። የማራው ቀይ አፈር ናሮክ ናት፤ መኪኖች ነዳጅ ቀድተው የሚያልፏት ከተማ። እኔ እዚያ ምሳ በላሁ፤ ኡጋሊ የሚሉት የበቆሎ ገንፎና ሱኩማ ዊኪ። የኋለኛው ጎመን ነው፤ ስሙ «ሳምንቷን ግፋት» እንደ ማለት ነው፤ ደመወዝ ላልደረሰለት ሰው የተሰየመ ወጥ! ከጎኔ «ሹካ» የሚሉትን ቀይ ጨርቅ የተከናነቡ አዛውንት በጥጃ ዋጋ ሲከራከሩ ቆይተው ሒሳቡን በኤምፔሳ አስተላለፉ። በ2007 የተጀመረውን በስልክ ገንዘብ መላክ ከእኔ በተሻለ ያውቁበታል። ማንም አልዘለለም።

የዚያን ዕለት አንድ ነገር ደስ አሰኘኝ። የሆቴሉ ዘበኛ «ሳ ሞጃ» እንነሣ ሲል ሌሎቹ እንግዶች ተደናገሩ። ሳ ሞጃ አንድ ሰዓት ነው፤ ስዋሂሊም እንደ እኛ ሰዓቱን ከንጋት ይቆጥራል። ሾፌሩ በእንግሊዝኛ ሰባት ሲላቸው እኔ ተነሥቼ ነበር።

ተረት ከነሻጩ ማየት ለሚፈልግ ናንዩኪ አለችለት። ከኬንያ ተራራ ግርጌ፣ የምድር ወገብ የሚያልፍባት ከተማ ናት። ሰውዬው ቂጡ የተበሳ ጎድጓዳ ሳህን በውሃ ሞልቶ የክብሪት እንጨት ጣለበት። ከሰሌዳው ሃያ እርምጃ ወደ ሰሜን ሄደ፤ እንጨቷ ወደ አንድ ጎን ዞረች። ሃያ እርምጃ ወደ ደቡብ፤ በተቃራኒው ዞረች። መስመሩ ላይ ዝም ብላ ወረደች። የመሬት መሽከርከር ታላላቅ ማዕበሎችን ያዞራል፤ በሃያ እርምጃ ርቀት አንድ ሳህን ውሃ ላይ ግን የሚታይ ጉልበት የለውም። የሚያዞራት የሰውዬው እጅ ነው፤ ውሃውን ሲቀዳና ሳህኑን ሲያዞር ነገሩን ጨርሶታል። እጁን አተኩሬ ባየውም አልያዝኩትም። የምስክር ወረቀቱን ገዛሁ፤ አልቆጨኝም።

«ከተማ ለከተማ መዞር ጊዜ ማባከን ነው» የሚለው የቀድሞውን መንገድ ሲያስብ ነው። ከ2017 ጀምሮ ናይሮቢን ከሞምባሳ የሚያገናኘው አዲሱ ባቡር መንገዱን በአምስት ስድስት ሰዓት ይጨርሰዋል፤ የፃቮን ብሔራዊ ፓርክም ሰንጥቆ ያልፋል። በአካባቢው አፈር የቀሉ ዝሆኖች በመስኮት ሲታዩ እኔ ብድግ አልኩ፤ ከፊቴ የተቀመጠችው እናት ለልጇ ማንዳዚ የሚባለውን የተጠበሰ ሊጥ መቁረሷን አላቋረጠችም።

ሞምባሳ ላይ የሚታየው ብዙ ነው። ፖርቱጋሎች በ1593 መሥራት የጀመሩት ፎርት ጂሰስ የተባለው ምሽግ ብቻውን ግማሽ ቀን ይወስዳል። እኔ ግን የማስታውሰው አመሻሽ ላይ አሮጌው ከተማ መንገድ ዳር ያገኘሁትን ቡና ሻጭ ነው። የነሐስ ማንቆርቆሪያው ከሥሩ ፍም አለው፤ ቡናው ጥቁርና መራራ ነው፤ ስኒው ከእኛም ያንሳል። አንዱን ጨርሼ ስመልስለት ሳይጠይቀኝ ደገመልኝ፤ ቶና ነው ብዬ ተቀበልኩ። በረካውን እኔው ጠየቅኩት።