አዲስ የተቀባ መኪና እንዴት ይያዛል?

መኪናውን አስቀብቶ ከጋራዥ ያወጣ ሰው የመጀመሪያ ሐሳቡ አጥቦ ማሳየት ነው። እኛም በ2014 ዓ.ም. የፋሲካ ሰሞን ያደረግነው ይህንኑ ነበር። ከደመወዛችን ለወራት ቆጥበን፣ ዕቁብም ወጥቶልን፣ ቀለሟ የገረጣውን አሮጌ መኪናችንን ወይን ጠጅ አስቀባናት። በሦስተኛው ቀን የሰፈር ልጅ በልብስ ሳሙና ዱቄትና በአሮጌ ጨርቅ አጠባት፤ በስድስተኛው ቀን ደግሞ ይበልጥ እንድታብለጨልጭ ብለን ሰም ቀባናት። ለዳግማይ ትንሣኤ ዘመድ ልንጠይቅ ስንወጣ ኮፈኗ ጉም የጋረደው መስሎ ደብዝዞ፣ በፀሐይ ሲታይም የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት ሞልቶት አገኘነው። ቀለም ቀቢው አታለለን ብለን የቀረውን ሂሳብ አንከፍልም አልን።

ሽማግሌው ቀቢ አልተቆጡም። መጥተው አፍንጫቸውን ወደ ኮፈኑ አስጠጉና፣ «እስቲ አሽትት ልጄ። ገና ቲነር ይሸታል እኮ! ይኸ ያልደረቀ ነገር ነው፤ አንተ በሰም ደፈንህበት» አሉን። አሸተትን፤ እውነትም ይሸታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። መኪና በፋብሪካ ሲቀባ ገና ባዶ ቆርቆሮ ስለሆነ 140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚያህል ሙቀት እንደ ዳቦ ተጋግሮ ይወጣል። በጋራዥ የሚቀባው ግን ጎማ፣ ወንበርና የኤሌክትሪክ ሽቦ ያለው መኪና በመሆኑ ያን ያህል እሳት አይችልም፤ ደኅና ምድጃ ያለው ጋራዥ ቢያሞቀው እንኳ 60 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ምድጃ የሌለው ደግሞ ለነፋስና ለፀሐይ ይተወዋል። ስለዚህ ቀለሙ ለእጅ በአንድ ቀን የደረቀ ይመስላል እንጂ በውስጡ የቀረው ማቅጠኛ በንኖ እስኪያልቅ ሳምንታት ይፈልጋል። ሰም ይህን መውጫ ይዘጋበታል። ብዙዎቹ ቀለም ሠሪዎች ቢያንስ 30 ቀን፣ አንዳንዶቹም እስከ 90 ቀን ድረስ ሰም እንዳይቀባ የሚመክሩት ለዚህ ነው። ተለጣፊ ጽሑፍና ሥዕልም እንደዚሁ መቆየት አለበት። ቀናቱ እንደ ቀለሙ ዓይነት ስለሚለያዩ ቀቢውን መጠየቅ ይበጃል፤ እኛ ሳንጠይቅ ቀረን።

መቼም የዛሬው ሰው መቸኮሉ አያስደንቅም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1923 የአሜሪካው ጄኔራል ሞተርስ ኦክላንድ የተባለውን መኪናውን ዱኮ በተባለው ፈጥኖ በሚደርቅ አዲስ ቀለም እስኪቀባ ድረስ የመኪና ቅብ ሳምንታት የሚፈጅ ሥራ ነበር።

የቀለሙን ስስነት ያወቀ ሰው ሲያጥብም ይጠነቀቃል። ከቆርቆሮው በላይ ያለው ቅብ ሁሉ ተደምሮ ከአንድ ሚሊሜትር ስድስት ወይም ሰባት እጅ ያነሰ ነው፤ ከላይ ያለው ብርጭቆ መሳይ ሽፋን ብቻውን ከጠጉር ይቀጥናል። የአዲስ አበባ የበጋ አቧራ ውስጥ ያለው አሸዋ ደግሞ ከዚህ ሽፋን የጠነከረ ነው። ታዲያ በደረቅ ጨርቅ መወልወል በብርጭቆ ወረቀት ከመፈግፈግ በምን ይለያል? የሰፈሩ ልጅ ጥፋት የለበትም፤ ጨርቁንም ዱቄቱንም የሰጠነው እኛው ነን።

በመጀመሪያው ሳምንት ሳያጥቡ መተው ነው። ከዚያ በኋላ በጥላ ሥር፣ ኮፈኑ ሳይግል፣ አስቀድሞ ውሃ እያፈሰሱ አቧራውን ማስወረድ፤ ቀጥሎ ለመኪና በተሠራ ለስላሳ ሳሙናና በንጹሕ ስፖንጅ ከላይ ወደ ታች ማጠብ። ሁለት ባልዲ ያስፈልጋል፤ አንዱ ለሳሙናው፣ አንዱ ስፖንጁን ለማለቅለቅ። ብሩሽ የሚሽከረከርበት ማጠቢያና በኀይል የሚረጭ ውሃ ወሩ እስኪሞላ ይቅር።

ከሁሉ የከፋችው ግን ወፍ ናት። ኩሷ አሲድነት አለው፤ ከዚህም በቀር ፀሐይ ሲመታው ቀለሙ ይለሰልሳል፣ ማታ ሲቀዘቅዝ ደግሞ በደረቀው ኩስ ዙሪያ ይኮማተርና ምልክቱን እንደ ማኅተም ይይዛል። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነው ከተማችን ፀሐዩ ብርቱ ስለሆነ ቀን ማሳደር አይገባም። በጥፍር መፋቅም አይሆንም፤ እርጥብ ጨርቅ ጥቂት ደቂቃ አስቀምጦ ሲርስ ማንሣት ነው። ወፉን በመፍራት መኪናውን በላስቲክ መጠቅለልም መፍትሔ አይደለም፤ አየር ይከለክለዋል፤ ነፋስም ሲያወዛውዘው ይቧጭረዋል። የፍሬን ዘይት ከፈሰሰበት ደግሞ ቀለም ስለሚበላ ወዲያው በብዙ ውሃ ማጠብ ያስፈልጋል።

ሽማግሌው ሰሙን በማስለቀቂያ ጠረጉልንና፣ «ሁለት ወር አትንካት» ብለው ሄዱ። በሁለት ወሩ ኮፈኑን በረቂቅ ወረቀትና በውሃ በስሱ ዳሰሱት፤ ፖሊሽም አደረጉት። የቀረውን ሂሳብ ከይቅርታ ጋር አቀረብን፤ ገንዘቡን ቆጥረው ተቀበሉ፤ ስለ ይቅርታው ግን ምንም አላሉም። የኮፈኑ ጉምና ጭረት ጠፍቷል። አንዲት ወፍ ከጣራው ላይ የተወችው ምልክት ግን እስከ ዛሬ አለ።