ሳይሰሙ መፍረድ

ከአንድ ወር በፊት ከጓደኞቻችን ጋር ሻይ ስንጠጣ ስለ አንድ የሙዚቃ ሸክላ ተጠየቅንና «ጫጫታ ነው» ብለን ፈረድን። ሸክላውን ያዋሰን ጓደኛችንም እዚያው ተቀምጦ ነበርና ጥቂት ዝም ካለ በኋላ «ለመሆኑ እስከ መጨረሻው ሰምተኸዋል?» ሲል ጠየቀን። አልሰማነውም ነበር። ከአራቱ ገጽ የሰማነው አንዱን ብቻ፣ ያውም ጋዜጣ እያነበብን ነው። ቢሆንም «አዎን» አልን። የዛሬው ጽሑፋችን የዚያች ውሸት ዕዳ መክፈያ ነው።

ሸክላው «የስ» የተባለው የእንግሊዝ ባንድ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1973 ዓ.ም. በሎንዶን የቀዳው «ቴልስ ፍሮም ቶፖግራፊክ ኦሽንስ» ነው። ፕሮግሬሲቭ ሮክ የሚባለው የሙዚቃ ዓይነት በሦስት ደቂቃ ዘፈን አልወሰን ብሎ የረዥም ድርሰትን አሠራር ከክላሲክ ሙዚቃ የተዋሰ ነው። በዚህኛው ግን ነገሩ ከልክ ያለፈ ይመስላል። በሁለት ሸክላ፣ በአራት ገጽ ላይ ያሉት ድርሰቶች አራት ብቻ ሲሆኑ፣ እያንዳንዳቸው 20 ደቂቃ ያህል፣ በጠቅላላው ከ80 ደቂቃ በላይ ይፈጃሉ። ሐሳቡ የመነጨውም ዘፋኙ ጆን አንደርሰን ፓራማሃንሳ ዮጋናንዳ የተባሉት ህንዳዊ መምህር የጻፉትን የሕይወት ታሪክ ሲያነብ፣ ስለ አራት ዓይነት የሂንዱ ቅዱሳት መጻሕፍት ከሚናገር አንድ የግርጌ ማስታወሻ ነው።

ከዚያች ቀን ወዲህ ማታ ማታ ከሥራ ስንመለስ፣ ጋዜጣችንን አጥፈን አንድ አንድ ገጽ መስማት ያዝን። በመጀመሪያው ሳምንት ያተረፍነው ራስ ምታት ነው። በሁለተኛው ሳምንት ግን በአንደኛው ገጽ ላይ ጠፍቶ የቀረ የመሰለን ዜማ ከብዙ ደቂቃ በኋላ ተመልሶ ሲመጣ አወቅነው። መንገድ የሌለው ጫካ ያልነው ነገር ለካስ መንገድ ነበረው።

ከሁሉ የሚከብደው ሦስተኛው ገጽ ነው። ከበሮውና ጊታሩ ለረዥም ጊዜ እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ማታ ይመስለናል፣ ያ ሁሉ ግርግር ጸጥ ብሎ ስቲቭ ሃው በክላሲክ ጊታር ለስለስ ያለውን ዜማ ሲጀምር፣ ብርጭቆ ያነሣው እጃችን ባለበት ቆመ። ዜማው ሁልጊዜም እዚያው ነበር፤ እኛ መርፌውን አስቀድመን ስለምናነሣ ሳንደርስበት ቀርተን ነው። በማግሥቱ ያንን ክፍል ብቻ ለይተን ብንሰማው ግማሽ ጣዕሙን አጣ። ለካስ ያጣፈጠው ከፊቱ የነበረው ግርግር ኖሯል።

ደጋግሞ የሰማ ሁሉ ይወዳል ማለታችን ግን አይደለም። የባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች ሪክ ዌክማን ከማናችንም ይበልጥ ሰምቶታል፤ ተጫውቶታልም። ሆኖም ለአንድ ሸክላ የሚተርፍ፣ ለሁለት ግን የማይበቃ ሙዚቃ ተለጥጦ ቀርቧል ባይ ነበር። በማንቸስተር መድረክ ላይ ሳለ ካሪ የሚባለው የህንድ ወጥ መጥቶለት መብላቱንም ራሱ ተርኳል። በ1974 ዓ.ም. ባንዱን ለቀቀ፤ ከዓመታት በኋላ ቢመለስም። ብዙ ሐያስያንም ርዝመቱን ነቅፈዋል፤ ገዢው ግን በብሪታንያ የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ አድርጎታል። እኛም ብንሆን ሁለተኛው ገጽ እስከ ዛሬ ይረዝምብናል። ዌክማን ከእኛ የሚለየው ሰምቶ መፍረዱ ነው።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። መጽሐፍን በመቅድሙ የሚመዝን ተማሪ፣ ማመልከቻን በመጀመሪያው መስመር የሚዘጋ ወጣት የመሥሪያ ቤት ሹም ካለ፣ ይህ ጸባይ የእኛም ነውና አንወቅሰውም። መርፌውን ጥቂት ይታገሠው እንላለን እንጂ።

ባለፈው ቅዳሜ ሸክላውን ስንመልስ ለጓደኛችን እውነቱን ነገርነው። እርሱም ሳቀና «የዚያን ዕለት ፊትህ ነግሮኛል» አለን። ከዚያም ከመደርደሪያው ሌላ ሸክላ አውጥቶ ሰጠን። ይህንን ገና አልሰማነውምና ዛሬ ስለ እርሱ የምንለው የለም።