የሣቅ ባለሙያዋ ሴት፤ ከሠርግ ቤት እስከ ቴሌቪዥን

መግቢያ

በአገራችን ስለ ቴአትር የተጻፉት ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩሩት በደራሲዎቹ ላይ ነው። የተዋንያኑ ነገር በመጠኑ ይወሳል፤ ሰውን በማሣቅ የታወቁት ሴቶች ታሪክ ግን በጥቂት መስመር ይታለፋል። እኛም ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያሰብነው ስለዚሁ ነው። በመድረክና በቴሌቪዥን ቀልድ የታወቁትን የወይዘሮ ሰብለ ተፈራን ሙያ ምሳሌ አድርገን፥ ሴት በአደባባይ ሰውን ለማሣቅ እስክትበቃ ድረስ ምን መንገድ እንደታለፈ ለማስረዳት እንሞክራለን። ነገሩንም ከምናውቀው አገር፥ ከግሽ ዓባይ እንጀምራለን።

፩፤ በአገር ቤት

ግሽ ዓባይ ስንል የዓባይ ምንጭ ያለበትን ሰከላን ብቻ ሳይሆን፥ እስከ ቡሬና እስከ ፍኖተ ሰላም ያለውን የምዕራብ ጎጃም ገጠር ጭምር ማለታችን ነው። በዚህ አገር የምታሥቅ ሴት አዲስ ነገር አይደለችም። ሠርግ ሲሆን የሙሽራይቱ ወገን ሴቶች ከሙሽራው ጋር የመጡትን ሚዜዎች በዘፈን ይነቅፏቸዋል፤ የአንዱን አጭርነት፥ የሌላውን ሆዳምነት፥ የሦስተኛውን ልብስ እያነሡ ቤቱን በሣቅ ይሞሉታል። ሚዜዎቹ ሊቆጡ አይገባም፤ ቢቆጡ ነውሩ የራሳቸው ነው። በቡና ላይም ሆነ ለማኅበር ድግስ ሲሠራ፥ የሹሙን አረማመድ፥ የቄሱን አሳሳል፥ ከከተማ የተመለሰውን ተማሪ አነጋገር አስመስላ የምታሳይ ሴት አትጠፋም።

ነገር ግን አንድ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። በገጠራችን «ባለሙያ» የምትባለው ሴት እንጀራዋ ዓይን ያወጣላት፥ ጠላዋ የጠራላት፥ ፈትሏ የቀጠነላት ናት። ሰውን በማስመሰል የምታሥቀው ሴት፥ ችሎታዋ የቱንም ያህል ቢሆን፥ «ቀልደኛ ናት» ተብላ ከመታለፍ በቀር ባለሙያ አትባልም። ሣቋም ወሰን አለው፤ የሚፈቀደው በሠርግ ጊዜ ወይም ሴቶች ብቻቸውን በተሰበሰቡበት ነው። በአደባባይ ሲሆን የአዝማሪ ስም ይከተላታል። የአዝማሪን ዜማ እየወደደ አዝማሪውን የሚንቅ ማኅበር፥ ልጁ ተዋናይት ልትሆን ስትነሣ ምን እንደሚል መገመት አያስቸግርም።

፪፤ ሴት ወደ መድረክ ስትወጣ

ዘመናዊው የኢትዮጵያ ቴአትር የተጀመረው በቀልድ ነው። በ1910ሮቹ ዓ. ም. በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የደረሱት የአውሬዎች ኮሜዲያ፥ በእንስሳት አስመስሎ የዘመኑን አስተዳደር የሚነቅፍ ስለነበረ፥ ከታየ በኋላ ታገደ። ሣቅ ከመጀመሪያውም ቢሆን እንደ ቀላል ነገር እንዳልተቆጠረ ከዚህ እንረዳለን። ከእርሳቸው በኋላ ከታወቁት ደራሲዎች አንዱ ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ የጎጃም ሰው ናቸው፤ የተወለዱት በደብረ ኤልያስ ሲሆን፥ የቅኔ ችሎታቸውን ይዘው ወደ ቴአትር ገቡ። ስለዚህ የጎጃም የቃል ጥበብ በመድረካችን መሠረት ላይ ድርሻ አለው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን መድረኩ የወንዶች ነበረ። የሴትን ክፍል የሚጫወቱት ነጠላ ያጣፉ ወንዶች ነበሩ። በ1927 ዓ. ም. የሀገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ፤ በ1948 ዓ. ም. ደግሞ ኋላ ብሔራዊ ቴአትር የተባለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተከፈተ። ከመጀመሪያዎቹ ሴት ተዋንያን አንዷ፥ በክራር ተጫዋችነታቸውም የታወቁትና በመስከረም 2004 ዓ. ም. ያረፉት ወይዘሮ አስናቀች ወርቁ ናቸው። እርሳቸውና ጓደኞቻቸው ከፈጸሙት ሥራ ዋናው፥ ሴትን ሴት እንድትጫወታት ማድረጋቸው ነው።

ይህ ለቀልድ ቴአትር ትልቅ ለውጥ ነበረ። ወንድ የሴት ልብስ ለብሶ ሲወጣ ተመልካች የሚሥቀው በልብሱ ነው፤ ሴት ራሷ ስትጫወት ግን የሚያሥቀው የሰውየው ጠባይ ይሆናል። አቶ መንግሥቱ ለማ በደረሱት «ያላቻ ጋብቻ» ውስጥ የተማረው ወጣት የቤት ሠራተኛውን ለማግባት ሲያስብ፥ የከተማይቱ አክስቱ ትቃወማለች። የአክስትዮዋ ትዕቢትና የሠራተኛይቱ ብልኅነት የሚታየው በአነጋገር፥ በአቀማመጥና በዝምታ ነው፤ ይህን ሁሉ በሚገባ የምታወጣው ሁለቱንም ዓይነት ሴቶች በቤቷና በሰፈሯ ያየች ተዋናይት ናት።

፫፤ ወይዘሮ ሰብለ ተፈራና ቴሌቪዥን

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው በ1957 ዓ. ም. ነው። ከመድረክ ወደ ቴሌቪዥን መሻገር ለተዋናይት ቀላል አይደለም። በመድረክ ላይ የመጨረሻው ወንበር ድረስ እንዲታይና እንዲሰማ እጅም ድምፅም ጐላ ማለት አለባቸው። በቴሌቪዥን ግን ካሜራው ፊት ለፊት ስለሚቀርብ የቅንድብ መነሣት ብቻ ይበቃል፤ በመድረክ ልክ የተሠራ ነገር ግነት ይሆናል። ከዚህም ሌላ በመድረክ ላይ የተመልካቹ ሣቅ ተዋናይቱን ይመራታል፤ ሣቁ እስኪበርድ ጠብቃ የሚቀጥለውን ቃል ትጥላለች። በካሜራ ፊት ግን ያ ሣቅ ስለማይሰማ፥ በልቧ ለክታ መጠበቅ ይኖርባታል።

ወይዘሮ ሰብለ በሁለቱም ስፍራ የሠሩ ባለሙያ ነበሩ። ሕዝብ «እማማ ጨቤ» በሚለው ስም ያውቃቸው ነበር፤ በይበልጥ የታወቁት ግን ጥላሁን ጉግሳ ባዘጋጀው «ቤቶች» በተባለው ተከታታይ የቴሌቪዥን ቀልድ ውስጥ ትርፌን ሆነው በመጫወታቸው ነው። ቀልዱ በቤተሰብ ኑሮ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ በፍኖተ ሰላም ሻይ ቤት የተቀመጠውም ሰው የራሱን ቤት ያይበት ነበር። በ2008 ዓ. ም. አዲስ ዓመት መባቻ በአዲስ አበባ በደረሰ የመኪና አደጋ፥ ገና በጉልምስና ዕድሜያቸው ሕይወታቸው አለፈ። እንቁጣጣሽ በየቤቱ ሲከበር መርዶው ደረሰ፤ ብዙ ሰውም በስማቸው ሳይሆን «ትርፌ ሞተች» እያለ አዘነ። ተመልካች ተዋናይቱን ከቤተሰቡ እንደ አንዷ መቁጠሩን ከዚህ የሚበልጥ የሚያስረዳ ነገር የለም። ነገር ግን ስሟ በተጫወተችው ሰው ስም ሲዋጥ፥ የሙያዋ ድካምም አብሮ እንደሚረሳ ልብ ማለት ያስፈልጋል።

፬፤ በማን ይሣቃል?

እኛ የምዕራብ ጎጃም ልጆች ይህን ጥያቄ በቀላሉ ልናልፈው አንችልም። በከተማ ቀልድ ውስጥ ገጠሬው ብዙ ጊዜ ሞኝ ሆኖ ይቀርባል፤ የአነጋገሩ ዜማ ብቻውን ማሣቂያ ይሆናል። ከእኛም መካከል ለትምህርት ከቤቱ ወጥቶ፥ ገና አፉን ሲከፍት የተሣቀበት አለ። አንዳንዱም ከዚያ ቀን ጀምሮ የእናቱን አነጋገር መደበቅ ለመደ።

በእኛ አስተያየት ጥሩዋ የቀልድ ተዋናይት የምትለየው እዚህ ላይ ነው። የገጠር ሴትን ስትጫወት የምትቀዳው አነጋገሯን ብቻ ከሆነ ሴቲቱን አዋረደቻት ማለት ነው። ብልኅነቷን፥ ፍርሃቷን፥ ነገር የምታዞርበትን መንገድ ጭምር ካሳየች ግን ተመልካቹ ከእርሷ ጋር እንጂ በእርሷ ላይ አይሥቅም። የሠርግ ቤቶቻችን ሴቶች ይህን ሳይማሩ ያውቁታል፤ ሚዜውን ቢነቅፉትም መጨረሻ ላይ አብልተውና አጠጥተው ነው የሚሸኙት።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ እንደተመለከትነው፥ የቀልድ ተዋናይት ሙያ ከሠርግ ዘፈን ተነሥቶ እስከ ቴሌቪዥን የሚደርስ ረጅም ሥር አለው። ሆኖም መጽሐፍ ለደራሲው ሲቀርለት፥ የመድረክ ጨዋታ መጋረጃው ሲዘጋ ያልፋል፤ የሚቀረው ባዩት ሰዎች ልብ ውስጥ ብቻ ነው፤ እነርሱም ያልፋሉ። ስለዚህ ለተማሪ ጓደኞቻችን አንድ አሳብ እናቀርባለን። በዕረፍት ጊዜ ወደ ሰከላ፥ ወደ ቡሬ፥ ወደ ፍኖተ ሰላም የሚመለስ ሁሉ፥ በሰፈሩ ሰውን በማሣቅ የታወቀችውን አንዲት ሴት አነጋግሮ፥ ከማን እንደተማረችው፥ መቼና በማን ፊት እንደምትጫወተው ይጻፍ። መምህሮቻችንም የአጻጻፉን ሥርዓት እንዲመሩን እንለምናለን። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፥ ሥራው መጀመር ያለበት ሴቶቹ በሕይወት ሳሉ ነው። ያን ጊዜ ምናልባት «ባለሙያ» የሚለው ቃል ለእነርሱም ይሰፋ ይሆናል።