ኮዱ ከመጥፋቱ በፊት ይጻፍ

ከነገሌ ቦረና ወደ ፊልቱና ዶሎ ኦዶ የሚወርድ ሾፌር ክሩስኮቱ ላይ የሞተር ምልክት ከበራበት፣ ገና ነገሌ ሳለ ማሳየቱ ይሻለዋል። መካኒኩ ስካነሩን ይሰካል፣ የመኪናው ኮምፒውተር የመዘገበውን የብልሽት ኮድ ያነባል፣ የተበላሸውን ይለውጣል። ከዚያ አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ ኮዱ ይጥፋ ወይስ ይቆይ? ብዙ ጋራዥ ውስጥ ጥያቄው ሳይነሳ ኮዱ ወዲያው ይጠፋል፤ አንዳንዴም ጥገናው ሳይጀመር። እኔ ኮዱ መጥፋቱን አልቃወምም። የምቃወመው ሳይመዘገብ መጥፋቱን ነው።

ለምሳሌ የአቧራን ነገር እንይ። ቀዩ የቆላ አቧራ ያረጀ ፊልትሮ አልፎ ኤር ፍሎ ሴንሰሩ ላይ ይለጠፋል። ሴንሰሩ የጋለ ቀጭን ሽቦ ነው፤ የሚያልፈው አየር ምን ያህል እንዳቀዘቀዘው እየለካ የአየሩን መጠን ለኮምፒውተሩ ይነግራል። አቧራ ሲለብስ ከእውነተኛው ያነሰ አየር እንደሚያልፍ ይናገራል፤ ኮምፒውተሩም ነዳጁን ይቀንሳል። ጭስ ማውጫው ላይ ያለው ኦክስጅን ሴንሰር ግን ትርፍ ኦክስጅን ያገኛል። ኮምፒውተሩ ነዳጅ እየጨመረ ለማስተካከል ይሞክራል፤ ማስተካከያው ከልክ ሲያልፍ ፒ0171 የሚባለውን ኮድ ይመዘግባል፤ ትርጉሙም ለነዳጁ አየሩ በዝቷል ነው።

ይኸው ኮድ ግን በአየር ቱቦ መሰንጠቅም፣ በነዳጅ ፓምፕ መድከምም ይመጣል። የሚለየው ከኮዱ ጋር የተቀመጠው መረጃ ነው። ኮምፒውተሩ ችግሩን ባወቀባት ቅጽበት የሞተሩን ዙር፣ ፍጥነቱን፣ ሙቀቱን፣ ጭነቱንና የነዳጅ ማስተካከያውን አብሮ ይይዛል። ችግሩ የታየው ሚኒሞ ላይ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ተሰነጠቀ ቱቦ ያደላል፤ ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ ከሆነ ወደ ፓምፑ ወይም ወደ ቆሸሸው ሴንሰር። ኮዱ ሲጠፋ ይህም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ አስቀድሞ በስልክ ፎቶ ማንሳት ወይም ወረቀት ላይ መጻፍ ነው፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ከተመዘገበና ጥገናው ካለቀ በኋላ ግን ይጥፋ። አንደኛ፣ ምልክቱ እንደበራ ከቀረ ሾፌሩ ይለምደዋል፤ ነገ ሌላ ብልሽት ቢመጣ የሚበራው ያው መብራት ነው። ሁለተኛ፣ ኮምፒውተሩ በቆሸሸው ሴንሰር ጊዜ የተማረው ማስተካከያ አለ። ሴንሰሩ ከጸዳ በኋላ ያ ልማድ ከቀጠለ ሞተሩ ለጊዜው ነዳጅ ያበዛል። በብዙ መኪኖች ኮዱን ማጥፋት ይህን ትምህርትም ወደ መነሻው ይመልሰዋል።

የጠፋ መብራት ግን የዳነ መኪና ማለት አይደለም። ብዙ ብልሽቶች በመጀመሪያው ጉዞ የሚያዙት በጥርጣሬ ብቻ ነው፤ መብራቱ የሚበራው በሁለተኛው ጉዞ ከተደገሙ ነው። ኮዱን ሲያጠፉ የኮምፒውተሩ የራስ ፍተሻዎችም ዜሮ ይሆናሉ። አንዳንዶቹ የሚሠሩት ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ፣ ታንከሩ በጣም ሳይሞላም ሳይጎድልም፣ መኪናው በእኩል ፍጥነት ሲሄድ ነው። የነዳጅ ትነት መቆጣጠሪያውን ፍተሻ ብዙ አምራቾች ከ2,400 ሜትር ገደማ በላይ እንዳይሠራ አድርገውታል። ስለዚህ በአዲስ አበባ ከፍተኛ ሰፈሮች ያልተካሄደ ፍተሻ ወደ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ነገሌ ሊካሄድ ይችላል፤ እዚያ ዝም ያለ ኮድ እዚህ ሲወጣ የነገሌውን መካኒክ መውቀስ አይገባም። ረጅም መንገድ ያለበት ሰው ኮዱን አስጠፍቶ በዚያው ከከተማ አይውጣ፤ አንድ ቀን እዚያው አካባቢ ይንዳና ስካነሩ እንደገና ይሰካ።

ስካነር ባይኖርስ? ጥገናው እውነተኛ ከሆነ መብራቱ በአብዛኛው ከሦስት ተከታታይ ንጹሕ ጉዞዎች በኋላ በራሱ ይጠፋል፤ ኮዱም ሞተሩ 40 ጊዜ ያህል ቀዝቅዞ ከሞቀ በኋላ ይሰረዛል። የባትሪ ገመድ መንቀልን አልመክርም፤ ማስረጃውን ያጠፋል፣ ሚኒሞውንም ሊያናጋ ይችላል። በሜካኒካል ፓምፕ የሚሠራ የድሮ ናፍጣ ላንድክሩዘር ያለው ሰው ደግሞ ይህ ሁሉ አይመለከተውም።

እ.ኤ.አ. በ2024 መንግሥት የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ይህን በተለይ ይወቅ። ሻጩ ትናንት ማታ ኮዶቹን አስጠፍቶ ከሆነ መብራቱ አይበራም፤ ስካነሩ ግን የራስ ፍተሻዎቹን «አልተጠናቀቁም» ብሎ ያሳያል። አብዛኞቹ ያልተጠናቀቁ ሆነው ከተገኙ፣ ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት መኪናውን ጥቂት ቀን ነድተው እንደገና ለማስነበብ ይጠይቁ፤ ሻጩ እምቢ ካለ ሌላ መኪና ይፈልጉ።